እየታወቀ የሚደርስ ጉዳት

ክሮንስና አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀቱን ሲያጠቃ የሚከሰቱ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ናቸው። ብዙዎቹ መድኃኒቶቻቸው ይህን መከላከያ የሚያዳክሙ በመሆናቸው አንጀቱን ሲያሽሉ ሳንባን ለበሽታ ሊያጋልጡ ይችላሉ። ኢንፍሊክሲማብ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መድኃኒቱ በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለክሮንስ ሕሙማን ተፈቀደ። በ2001 ደግሞ ከተጠቃሚዎቹ መካከል 70 ሰዎች በቲቢ መያዛቸው ተዘገበ፤ አብዛኞቹ የመገጣጠሚያ ብግነት ሕሙማን ሲሆኑ የክሮንስ ሕሙማንም ይገኙባቸዋል። መድኃኒቱ የሚያግደው ቲኤንኤፍ የተባለውን ንጥረ ነገር ነው። ይኸው ንጥረ ነገር የቲቢ ባክቴሪያን ከብበው የያዙ ሕዋሳት እንዳይበተኑ ይረዳል። ከበባው ሲላላ ለዓመታት ተደብቆ የኖረው ባክቴሪያ ይነቃል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሊጎዳ እንደሚችል እያወቀ መድኃኒቱን የሚያዝ ሐኪም በደለኛ ነው?

በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የካቶሊክ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ራስን ስለመከላከል ሲጽፍ፣ አንድ ድርጊት ሁለት ውጤት ሊኖረው እንደሚችልና ከሁለቱ የታሰበው አንዱ ብቻ ሊሆን እንደሚችል አስተምሯል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ሐሳቡን አስፋፍተው ጉዳት የሚያስከትል ድርጊት የሚፈቀድባቸውን አራት መስፈርቶች አወጡ፦ ድርጊቱ በራሱ ክፉ አለመሆኑ፣ ጉዳቱ አለመታሰቡ፣ ጥቅሙ በጉዳቱ አማካይነት የሚገኝ አለመሆኑ፣ ጥቅሙም ጉዳቱን ለመቀበል የሚያበቃ መሆኑ።

ሕክምናው ሦስቱን መስፈርቶች በቀላሉ ያሟላል። ሐኪሙ የሚሻው የአንጀቱን መዳን ነው፤ ቲቢው ባይነሳም አንጀቱ ይድናል። የሚያከራክረው አራተኛው ነው። ሊቀነስ የሚችል ጉዳት ሳይቀነስ ቀርቶ በጥቅሙ ብቻ ሊመካኝ አይችልም። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የደረት ራጅ ይነሳል፤ የቆዳ ወይም የደም ምርመራም ይደረጋል። ድብቅ ቲቢ ከተገኘ እንደ አይሶኒያዚድ ያለ መከላከያ መድኃኒት ይቀድማል። ቲቢ በተስፋፋባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ጥንቃቄው ይበልጥ ይጠብቃል። ምርመራውም ብቻውን አያስተማምንም፤ የሰውነቱ መከላከያ አስቀድሞ ስቴሮይድ በተባለ መድኃኒት የተዳከመ ሰው ባክቴሪያውን ይዞ ሳለ ነጻ ነው ሊል ይችላልና።

ጉዳቱን የሚሸከመው ግን ሐኪሙ ሳይሆን ታማሚው ነው። ስለዚህ የጥቅምና የጉዳቱን ሚዛን ሐኪሙ ብቻውን ሊወስነው አይገባም። ታማሚው አደጋውን በሚገባው ቋንቋ ሰምቶ፣ ሳል፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ሲታይበት ሳይዘገይ እንዲመለስ ተነግሮት በፈቃዱ ሲጀምር ነው አራተኛው መስፈርት የሚሟላው። ይህ ሳይደረግ የሐኪሙ በጎ ሐሳብ ብቻውን ከተጠያቂነት አያድነውም።