ማን ተነሣ? ማንስ ቀረ?

በአማርኛ ቋንቋ «ማንሣት» የሚለው ግሥ ብዙ ሸክም ያለበት ነው። የወደቀ ሰው ይነሣል፤ ሸክም ከመሬት ይነሣል፤ የተረሳ ስም በጨዋታ መካከል ይነሣል፤ ሌባም የሰው ዕቃ አንሥቶ ይሄዳል። የፎቶግራፍ ሙያ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሕዝቡ ለአዲሱ ሥራ መጠሪያ ያደረገው ይህንኑ ግሥ ነው። እንግዲህ ካሜራ በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ፣ ዐወቀውም አላወቀውም፣ ከእነዚህ ትርጉሞች አንዱን በተግባር ይፈጽማል ማለት ነው፤ ወይ የወደቀውን ቀና ያደርጋል፣ ወይ የተረሳውን ያስታውሳል፣ ወይም የሌላውን ንብረት ይዞ ይሄዳል። ለመሆኑ ፎቶግራፍ አንሺው ከሦስቱ የትኛውን እንደ ፈጸመ በምን ያውቃል? ጥያቄው የመጣብኝ ባቡር ሳነሣ ከዋልኩበት ከአንድ ቀን ነውና፣ ነገሩን ከዚያው ቀን መጀመሩ ይበጃል።

የምኖረው በጉለሌ ነው። ጉለሌ ባቡር የማያልፍበት የአዲስ አበባ ክፍል ነው። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ ያበቃው ከዚህ በስተደቡብ፣ በለገሃር ነበር፤ በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡርም ሲዘረጋ የሰሜን ጫፉን ምኒልክ አደባባይ ላይ አድርጎ፣ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን ዳገት ለእግረኛና ለመኪና ትቶታል። በዚህ ዳገት ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱ እናቶችን የጉለሌ ሰው ለብዙ ዘመን ሲያይ ኖሯል። ባቡር ግን ለጉለሌ ልጅ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ዝናው ይሰማል እንጂ ከደጅ አይደርስም። እኔንም ካሜራ አንጠልጥዬ ባቡር ፍለጋ እንድሄድ ያደረገኝ ይኸው የልጅነት ናፍቆት ነው።

ናፍቆቱ በተለይ የሚበረታው ባቡርና ተራራ በሚገናኙበት ሥፍራ ላይ ነው። ባቡር በተፈጥሮው ሜዳ ይወዳል፤ ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር ዳገት ይከብደዋልና። አገራችን ደግሞ ይህን ሜዳ በቀላሉ አልሰጠችውም። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ የሰጡበት መንገድ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ሽኩቻ ለዓመታት ተገትቶ፣ በመጨረሻ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ዘመን በእጃችን የሚገኙት ፎቶግራፎች ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩን ድልድዩን፣ ሎኮሞቲቩን፣ መኳንንቱንና መሐንዲሶቹን ነው። ድንጋዩን የፈለጠው፣ ብረቱን በትከሻው ተሸክሞ ያነጠፈው የቀን ሠራተኛ በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ቢገኝ እንኳ ስም የለውም። የኢልግን ስም እናውቃለን፤ የእሱን ግን አናውቅም። ይህን ጉድለት አስቀድሜ ዐውቀው ነበር፤ ሌላውንም ሰው ስወቅስበት ኖሬያለሁ።

በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ ከጉለሌ ሌሊት ተነሥቼ በአውቶቡስ ወደ መተሐራ ወረድኩ። አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ባለው መሥመር ላይ በ2000 ዓ.ም. ግድም ሥራ አቁሞ፣ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቷል። መተሐራን የመረጥኩት ስለ ሦስት ነገር ነው። የፈንታሌ ተራራ አለ፤ ከጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ተነሥቶ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሰፋው፣ አሮጌውን ሐዲድና የመኪናውን መንገድ ሲፈታተን የኖረው የበሰቃ ሐይቅ አለ፤ አዲሱም ሐዲድ አለ። ከተራራው ግርጌ፣ የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ በረጋበት ጥቁር ምድር ላይ ካሜራዬን በመቆሚያው አቆምሁ። ተራራው ከበላይ፣ ሐዲዱ ከበታች፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ በመካከል እንዲውሉ አድርጌ ባቡሩን መጠበቅ ጀመርኩ። ባቡር ማንሣት ከሁሉ በላይ መጠበቅ ነው። ፀሐዩ እየበረታ ሄደ፤ ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅሁ።

ባቡሩ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው አንድ የአሥራ ሦስት ወይም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ፍየሎቹን እየነዳ ከግራ በኩል ወደ ሥዕሌ ገባ። ከአካባቢው የከረዩ አርብቶ አደሮች ወገን እንደ ሆነ ገመትሁ። በትሩን በትከሻው ላይ አጋድሞ ከሐዲዱ ወዲህ ቆመ። እኔ ኦሮምኛ አልችልም፤ እሱም አማርኛ የሚሰማ አልመሰለኝም። በእጄ «ወዲያ፣ ወዲያ» አልኩት። አልገባውም። ደግሜ፣ ጠንከር አድርጌ አመለከትሁት። ልጁ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ፍየሎቹን ተመለከተና እየነዳቸው ከጉብታው ጀርባ ተሠወረ። ብዙም ሳይቆይ የጭነት ባቡሩ መጣ። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ባሰብሁት ቦታ ላይ ነበረ። አነሣሁ።

ልጁ እዚያ ምን ይሠራ እንደ ነበር የተረዳሁት በመመለሻዬ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ ከተቀመጠ የአካባቢው ሰው ጋር ስንጫወት ነው። ባቡሩ ግመል፣ ከብትና ፍየል መግጨቱ በዚያ መሥመር የታወቀ ችግር ነው። ስለዚህ እረኛው ባቡሩ የሚያልፍበትን ጊዜ ያጠናል፤ በዚያ ጊዜ በእንስሳቱና በሐዲዱ መካከል ይቆማል። እንግዲህ ሁለታችንም ጠባቂዎች ነበርን፤ እኔ ባቡሩን፣ እሱ ከባቡሩ። እኔ በዕረፍት ቀኔ ለውበት ብዬ የቆምሁ ሰው፣ በሥራው ላይ የነበረውን ሰው ከሥራ ቦታው አስነሣሁት። ፍየሎቹ በደኅና ስለ ተረፉ ነገሩን በቀላሉ ረሳሁት።

በዚያው ዓመት ሥዕሉ ታትሞ በሠፈራችን በተዘጋጀ አነስተኛ ትርኢት ላይ ተሰቀለ። ያደነቀው ብዙ ነበር። ከተመልካቾቹ አንዱ በሽሮ ሜዳ ሽመና ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ ጎረቤቴ ነበሩ። ረዘም ላለ ጊዜ ቆመው አዩት፤ ሁለቱን ሐዲዶች በጣታቸው እየተከተሉም «ድሩ ደኅና ተዘርግቷል፤ ማጉ የታለ?» አሉኝ። ዝም ብል «ሰው አልነበረም እንዴ?» ሲሉ ደገሙ።

«ነበረ፤ አንድ እረኛ ነበረ» አልኳቸው።

«ስሙ ማነው?»

አልጠየቅሁትም ነበር።

አብሮን የነበረ ሠዓሊ ወዳጄ ተከላከለልኝ፤ ክርክሩም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ኪነ ጥበብ መምረጥ ነው አለ። ሁሉን የሚያስገባ ሥዕል ምንም አያሳይም፤ ሠዓሊ አንድ ዛፍ ከሸራው ቢያስቀር ዛፉን ቆረጠው አይባልም፤ ተራራና ባቡር ያነሣ ሰውም የሕዝብ ቆጠራ እንዲያካሂድ አይጠየቅም። ደግሞም ውበት ለሰው ልጅ ያስፈልገዋል፤ ሥዕል ሁሉ የክስ መዝገብ ከሆነ ዐይን ደክሞት ማየቱን ይተዋል።

በዚህ ብዙ እውነት አለ። ሆኖም ሠዓሊውና ፎቶግራፍ አንሺው በአንድ ነገር ይለያያሉ። ሠዓሊው በባዶ ሸራ ላይ ይጨምራል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ከሞላ ዓለም ይቀንሳል። በሸራው ላይ ያልተሣለ እረኛ ከመጀመሪያውም የለም፤ ከፎቶግራፍ የተባረረ እረኛ ግን ነበረ፤ ሥጋና ደም ያለው፣ ሥራም የነበረው ሰው ነው። ተመልካቹም ፎቶግራፉን የሚያምነው «በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ቦታ የነበረው ይህ ነው» ብሎ ነውና እምነቱ በእኛ ላይ ዕዳ ይጥላል። ርቀትም የራሱ አደጋ አለው። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል ይጓዝ የነበረ የመንገደኞች ባቡር አዋሽ አጠገብ መታጠፊያውን በፍጥነት ሲያልፍ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ አደጋ ጥቂት ደቂቃ አስቀድሞ በኮረብታ ላይ ካሜራ ይዞ የቆመ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ያነሣው ነገር በተራራ መካከል የሚጠማዘዝ ውብ ባቡር በሆነ ነበር። በመስኮቶቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ከዚያ ርቀት አይታዩም። ውበቱ ሐሰት አይደለም፤ የሚያውቀው ነገር ግን ጥቂት ነው።

የሌላው ዓለም ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1869 በአሜሪካ፣ በዩታ፣ ፕሮሞንቶሪ በተባለ ሥፍራ ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጡ ሁለት ሐዲዶች ሲገናኙ፣ አንድሩ ራስል የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ሁለት ሎኮሞቲቮች ፊት ለፊት ቆመው፣ ሰዎች ጠርሙስ ሲቀባበሉ የሚታዩበትን ዝነኛ ሥዕል አነሣ። የሴራ ኔቫዳን ተራሮች በመዶሻና በባሩድ ሰርስረው የምዕራቡን መሥመር ያሳለፉት ግን በአብዛኛው ከቻይና የመጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ ቁጥራቸውም ከ10,000 በላይ ነበር። በዚያ የደስታ ሥዕል ላይ እነሱ ከሞላ ጎደል አይገኙም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኮርኪ ሊ የተባለ የቻይና ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ የእነዚያን ሠራተኞች ዘሮችና ወገኖች በዚያው ሥፍራ ሰብስቦ በሎኮሞቲቮች ፊት አነሣቸው። ያለፈውን ሊመልስ አልቻለም፤ ለ145 ዓመታት ባዶ የነበረውን ቦታ ግን ባዶነቱን አሳየ።

ይህን ታሪክ ለጎረቤቴ አጫውቼ፣ ከእንግዲህ ሰው የሌለበት ሥዕል ላላነሣ ቃል ገባሁ። መልሱን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ግን ሳቅ አሉና፣ «እግሬን ከጉድጓድ ከትቼ ስሸምን እኔን ስንቱ አነሣኝ! ፈረንጁም፣ ያገሬም ሰው አነሣኝ። ያወረደኝ ግን የለም» አሉኝ። ካነሷቸው ሰዎች አንዱም ሥዕሉን አምጥቶ አላሳያቸውም፤ በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀሉ፣ በምን ቃል እንደ ተጠሩ አያውቁም። እነሆ እሳቸው እንደ እረኛው ከሥዕል አልተባረሩም፤ በመካከሉ ተቀምጠዋል። ቢሆንም ከእሳቸው የተወሰደ ነገር አለ፤ የተመለሰላቸው የለም።

ይህ ቃል ቀላል የመሰለኝን መልስ አፈረሰው። ያንን ልጅ በሥዕሌ ውስጥ ባስቀረው ኖሮ ምን አደርገው ነበር? «እረኛና ባቡር» ብዬ፣ አሮጌውና አዲሱ ዘመን ተገናኙ ብዬ፣ ለሐዲዱ ጌጥ አደርገው ነበር። ያንጊዜም ስሙን ባልጠየቅሁት ነበር። እንግዲህ ጥያቄው «ሰው አለ ወይስ የለም?» በሚለው አያበቃም። ሊነሣ የማይፈልግ ሰው አለ፤ መነሣቱ አደጋ የሚያመጣበትም አለ፤ እንዲህ ያለውን ማስቀረት አክብሮት ነው። ማስቀረት በራሱ በደል አይሆንም፤ ማንን እንዳስቀሩ መርሳት ግን በደል ነው። ማስገባትም በራሱ ውለታ አይሆንም፤ ያስገቡትን ሰው ሳይጠይቁ፣ ሥራውን ሳያውቁ፣ ሥዕሉን ሳያሳዩት መሄድ ዕቃ አንሥቶ ከመሄድ ብዙ አይርቅም። በአጭሩ፣ ፎቶግራፍ አንሺው መጠየቅ ያለበት «ለማን ተጠያቂ ነኝ?» ብሎ ነው።

የዚህ ነገር ክብደት በሙሉ የተሰማኝ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ከመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር ተደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፤ በታኅሣሥና በጥር ሲበረታ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ለቀው ወጡ። አንድ ሌሊት ጉለሌ ያለው ቤቴ ሲነቃነቅ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። አሁን ጎረምሳ ሆኗል። ስለ ደኅንነቱ ልጠይቅ ፈለግሁ፤ ግን ማንን ብዬ? መልኩን እንኳ ለማስታወስ ሥዕሉን አውጥቼ አየሁት። ተራራው አለ፤ ሐዲዱ አለ፤ ባቡሩ አለ። በግራ በኩል ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ያንን ባዶ ቦታ የሠራሁት በገዛ እጄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን ለተማሪዎች በማሳይበት ጊዜ ከግርጌው አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፌበታለሁ፤ «በዚህ ሥዕል ግራ በኩል ፍየሎቹን ከባቡር የሚጠብቅ አንድ እረኛ ነበረ፤ ፎቶግራፍ አንሺው ከቦታው አስነሥቶታል»። ይህ ካሣ አይሆንም። ቢሆንም መምህሩ የታሪክ መጽሐፍ ገልጦ ሥዕል ሲያሳይ፣ ኃላፊው በተመረቀ ሥራ ፊት ቆሞ ሲነሣ፣ ከያኒውም የሥራ ሰውን ለጥበቡ መነሻ ሲያደርግ፣ ማን ተነሣ፣ ማንስ ቀረ ብሎ መጠየቅን ቢለምድ፣ አንድ ስም ከመጥፋት ሊድን ይችላል።

ጎረቤቴንም ፈቃዳቸውን ጠይቄ በሽመና ጉድጓዳቸው ላይ እንደ ተቀመጡ አነሣኋቸው፤ በሳምንቱም ሥዕሉን አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ተቀብለው ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት። ደስ እንዳላቸው ከፊታቸው ያስታውቃል። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ፈትሉን የፈተለችው ባለቤቴ የታለች?» አሉኝ። በማግስቱ ካሜራዬን ይዤ ተመለስሁ።