በቅሎዋ ቆመች

ከወንዝ ማዶ ቅዳሜ ገበያ የሚወርድ አንድ የደጋ ሰፈር ነበር። ቁልቁለቱ ክፉ ነው። ሰውም እህልም የሚወርደው በበቅሎ ሲሆን፣ በቅሎ ሳቢዎቹ ደግሞ ጠላ ሳይቀምሱ መንገድ አይጀምሩም። በየክረምቱ አንድ ሁለት ሰው ይወድቃል። ያን ጊዜ ሳቢው ሽማግሌ ፊት ይቀርባል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፣ ካሳ ይከፍላል፤ በሳምንቱ ያንኑ ገመድ ይዞ ይወርዳል።

አንድ ነጋዴ ታዲያ ሳቢ የማትፈልግ በቅሎ አሠለጠነ። መንገዱን ታውቃለች፣ አትጠጣም፣ አትቸኩልም። ከፊቷ ነገር ካጋጠማት ትቆማለች፤ ከቆመች በኋላ መንገድ እንዳትዘጋ ወደ ዳር ትወጣለች። መጀመሪያ ማንም አልደፈራትም።

«ሳቢ ከሌለ፣ ልጄ፣ ስወድቅ ማንን ልጥራ?» አሉ አንዲት ባልቴት።

«እኔን ይጥሩ፣ እማማ» አላቸው ነጋዴው።

ወጣቶቹ ሞከሯት። ቀስ በቀስ ሽማግሌዎቹም፣ ባልቴቷም ተቀመጡባት።

አንድ ቅዳሜ፣ ሰካራም ሳቢ የለቀቃት ሌላ በቅሎ ስትፈረጥጥ አንዲት ሴት ገፍትራ ከዚህችኛዋ እግር ሥር ጣለቻት። ሳቢው ጠፋ። የነጋዴው በቅሎ ረገጠቻት፤ ወዲያው ቆመች። ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ ዳር ስትወጣ የሴትዮዋ መቀነት በጭነቱ ገመድ ተይዞ ነበርና ስድስት እርምጃ ጎተተቻት።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ነጋዴው የሳቢውን ስካር፣ የሌላዋን በቅሎ ጥፋት አንድ በአንድ ተረከና «የእኔዋ ግን ቆመች» ሲል ጨረሰ። ከገደሉ አፋፍ ላይ እረኛ መኖሩን አላወቀም። እረኛው ተጠርቶ ያየውን ከተናገረ በኋላ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሡ።

«በቅሎ አይከሰስም። ያን ጠፊ ፈልገን እናገኘዋለን። አንተ ግን ‹እኔን ጥሩ› ብለህ ነበር። ጠራንህ፤ ግማሽህ መጣ።»

ነጋዴው በቅሎዋን ግቢው ውስጥ አሰራት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳቢዎቹ ጠላ ጠላ እየሸተቱ ሰው ጭነው ወረዱ።

ገደሉን እኔ ፈጠርኩት፤ ስድስቱ እርምጃ ግን የሳን ፍራንሲስኮ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2023 ሰው የሚነዳው መኪና አንዲት እግረኛ ገጭቶ ሾፌር አልባ በሆነ የክሩዝ ኩባንያ ታክሲ ፊት ጣላት፤ የገጫት ሾፌር አመለጠ። ታክሲው መታት፣ ቆመ፣ ከዚያም ጥጉን ልያዝ ብሎ ሲንቀሳቀስ 6 ሜትር ያህል ጎተታት። ሴትዮዋ በሕይወት ተርፋለች። ኩባንያው ግጭቱን ሲያስረዳ መጎተቷን አድበሰበሰ፤ በዚያው ወር በ24ኛው ቀን ካሊፎርኒያ ፈቃዱን አገደች። በ2024 መገባደጃ ለመንግሥት ምርመራ ሐሰተኛ ሪፖርት ማቅረቡን አምኖ 500,000 ዶላር ሊቀጣ ተስማማ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቱ ጄኔራል ሞተርስ ለታክሲ ሥራው ገንዘብ መስጠት አቆመ።

በአሜሪካ በ2023 ብቻ ከ40,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሞቷል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው በያዘው መሪ። ያን የቻለ ሕዝብ 6 ሜትር አልችልም ማለቱ የሒሳብ ስሕተት የሚመስላቸው አሉ። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2025 ሲጠይቅም ከ10 አሽከርካሪዎች 6ቱ በእንዲህ ያለ መኪና መሳፈር ያስፈራናል ብለዋል፤ ይህንንም አላዋቂነት ይሉታል። ለእኔ ግን የባልቴቷ ጥያቄ ነው የሚሰማኝ። መኪናው ሽማግሌ ፊት አይቀመጥም፣ ድንጋይ አይሸከምም፤ የሚቀመጥለት ሰው ሙሉውን ይዞ ካልመጣ ማንን ይጥሩ?

በሳን ፍራንሲስኮ ጎዳናዎች ዛሬም የሌላ ኩባንያ፣ የዌይሞ፣ መኪኖች ያለ ሾፌር ሰው ያመላልሳሉ። የክሩዝ ታክሲ አንድም የለም።