ዕዳና ውለታ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ባለችው በሱሉልታ፣ ባለፈው ሰሞን እናቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ ታናሽ ወንድሜ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ የፈረመው የወጪ መጋራት ውል ነው። በተማረበት ሙያ ተቀጥሮ ስለማያውቅ፣ ድርቆሽ በመነገድ ስለሚኖር፣ ከደመወዙ የቆረጠለት አሠሪ የለም። አሁን አንድ ድርጅት ሊቀጥረው ፈልጎ «ዋናውን ዲግሪ አምጣ» ቢለው፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ «መጀመሪያ ዕዳህን ክፈል» አለው።

«ሥራ ላልሰጠኝ መንግሥት የምን ዕዳ ነው የምከፍለው?» አለ በንዴት። እናቴ ሲኒዎቹን እየለቀለቀች ስታዳምጥ ቆየችና «ለመሆኑ ያበላህ መንግሥት ገንዘቡን ከየት አመጣው?» ስትል ጠየቀችው።

እሱም እኔም ዝም አልን።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል መደበኛው የቀን ተማሪ በአብዛኛው የሚማረው በመንግሥት በጀት ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይህን ለወጠው። ተመራቂው የምግብና የመኝታ ወጪውን በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ከገቢው እየተቆረጠ እንዲከፍል ተደነገገ። ሐሳቡ የእኛ ብቻ አይደለም፤ አውስትራሊያ በ1981 ዓ.ም. ተመሳሳይ ሥርዓት ጀምራለች። እዚያ ግን ገቢው ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ሰው ክፈል አይባልም።

በዚያው በ1995 ዓ.ም. የተጨማሪ እሴት ታክስም ሥራ ጀመረ፤ የእሱም ልክ 15 በመቶ ነው። እናቴ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ሁለት ላሞች በድርቆሽና በፉሩሽካ እየቀለበች፣ ማለዳ ማለዳ ወተት ሸጣ ነው ያሳደገችን። የእኔን የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ለግል ኮሌጅ የከፈለችው በዚሁ የወተት ብር ነው። ከዚሁ ብር ላይ ሳሙና በገዛች ቁጥር ደግሞ ታክስ እየከፈለች፣ ለማታውቃቸው የሰው ልጆች ትምህርት አዋጥታለች። እንግዲህ «ነፃ» የምንለው ትምህርት መቼም ነፃ ሆኖ አያውቅም፤ ከፋዩ ስሙ ስላልተጻፈ ብቻ ነው ነፃ የመሰለን።

በአማርኛችን ዕዳና ውለታ አንድ አይደሉም። ዕዳ ልኩ ይታወቃል፤ ከፍሎ ደረሰኝ ተቀብሎ መሄድ ነው። ውለታ ግን ቁጥር የለውም። ደንቡ ከትምህርቱ ወጪ ጥቂቱን ዕዳ ብሎ ጻፈው፤ የቀረው፣ እስከ 85 በመቶ የሚደርሰው፣ በየትኛውም መዝገብ በወንድሜ ስም አልሰፈረም። አበዳሪዎቹ ወተት ሻጯ፣ አጫጁ፣ ሊስትሮው ናቸው። ለእነሱ የሚከፈለው በሥራ ነው፤ ያውም ልጆቻቸው እዚያው ደጃፍ እንዲገቡ በማገዝ።

ይህን ስል የወንድሜን ብሶት ማቃለሌ አይደለም። ሥራ ለመያዝ ዲግሪውን፣ ዲግሪውን ለማግኘት ደግሞ በሥራ የሚገኘውን ገንዘብ የሚጠይቅ አሠራር ዕዳውንም አያስመልስ፣ ሰውየውንም አያቋቁም። ገቢ ሲኖር ከገቢ መቁረጥ ፍትሕ ነው፤ ገቢ የሚያስገኘውን ወረቀት መያዝ ግን በሬውን አስሮ «እረስ» እንደማለት ነው። መንግሥት የሚያስተዳድረው የእነዚያን ከፋዮች ገንዘብ ነውና፣ ተመራቂው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የሚከስሩት እነሱው ናቸው።

ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ እናቴ «ስንት ነው ገንዘቡ?» አለች። ነገራት። ጥቂት አሰብ አድርጋ «ጊደሯን ብንሸጣትስ?» አለች።

በታክሷ አንድ ጊዜ የከፈለችው ሴት ሁለተኛ ልትከፍል መሆኑ ነው። ወንድሜ ቀና ብሎ አያት። ንዴቱ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰና «አይሆንም እማዬ፤ ጊደሯ አትሸጥም። ድርቆሹን ሸጬ ራሴው እከፍላለሁ» አላት።

ለመንግሥት እንቢ ያለውን ዕዳ ለእሷ ሲሆን ተቀበለው።