የአንድ ቀን ልብስ



የሠርግ ወራት በቀረቡ ቁጥር በጅግጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች በሚኖሩ ክርስቲያን ቤተሰቦች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ቬሎው ከየት ይምጣ? ይገዛ ወይስ ይከራይ? ሐረር ይሰፋ፣ ድሬዳዋ ይፈለግ፣ ወይስ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ይላክ? ነገሩን ላይ ላዩን ለሚሰማው የገበያ ጉዳይ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለሚመረምረው ግን የሕሊና ጉዳይ ነው። በዚህ አንድ ልብስ ላይ የሁለት ቤተሰቦች ክብር፣ የአንድ ወጣት የብዙ ወር ደመወዝ፣ የአንዲት ልጅ የቆየ ምኞት፣ ከዚህም ጋር የጎረቤት ዓይን ተደራርበው ይገኛሉ። ለአንድ ቀን ለሚለበስ ልብስ ምን ያህል ማውጣት ተገቢ ነው? ልብሱንስ የምንመርጠው በምን ሚዛን ነው?

ጅግጅጋ የጨርቅ ችግር ያለባት ከተማ አይደለችም። ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በሀርጌሳና በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚዘልቀው የንግድ መንገድ ከጥንት ጀምሮ ጨርቅ ሲያመላልስ ኖሯል። በ1980 ዓ.ም. በሰሜን ሶማሊያ በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት ከሀርጌሳና ከአካባቢዋ የተሰደደው ሕዝብ የሰፈረባት ሐርትሼክ እንኳ፣ የመጠለያ ጣቢያዋ በ1996 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ፣ በስደተኞቿ ብዛት ብቻ ሳይሆን በገበያዋም ትታወቅ ነበር። ዛሬም በጅግጅጋ ገበያ የሶማሌ እናቶች ስሱንና አብረቅራቂውን ዲራክ ከውስጥ ከሚለበሰው ጉርጉራድ ጋር ደርድረው ሲሸጡ ይታያሉ። ነጩን ቬሎ ወይም ባለ ጥበቡን የሀበሻ ቀሚስ በምርጫ ማግኘት የሚሹ ግን የካራማራን ተራራ ተሻግረው፣ በባቢሌ በኩል ወደ ሐረር ወይም ወደ ድሬዳዋ ያቀናሉ። በሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ የተነሣ መኪና ግርግር ተብላ የተሰየመች የልብስ ሰፊዎች መንገድ አለች። በድሬዳዋ የቀፊራና የአሸዋ ገበያዎች አሉ። አቅሙና ዘመዱ ያለው ደግሞ በእንጦጦ ግርጌ ወደሚገኘው የሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ ይልካል።

ወደ ሚዛኑ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ነጭ ቬሎ የምሥጢረ ተክሊል አካል አይደለም። ቬሎ የሚለው ቃል በጣልያንኛ ዓይነ ርግብ ማለት ነው፤ እኛ ስሙን ለሙሉው ቀሚስ ሰጠነው። በአውሮፓም ቢሆን ነጭ ቀሚስ የሙሽራ ሁሉ ልብስ የሆነው ከብዙ ዘመን ወዲህ አይደለም። ቀድሞ ሙሽሮች ካላቸው ልብስ የተሻለውን፣ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን፣ ይለብሱ ነበር። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ለብሳ፣ በሀገሯ ሴቶች እጅ የተሠራ ዳንቴል አድርጋ ካገባች በኋላ ልማዱ በባለጸጎች፣ ቀጥሎም በሌላው ሕዝብ ዘንድ ተስፋፋ። ለእኛም ነጭ እንግዳ ቀለም አይደለም፤ ነጭ ሸማ የበዓል ልብሳችን ሆኖ የኖረው ቬሎ ወደ ሀገራችን ከመግባቱ አስቀድሞ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለጋብቻ የምትጠይቀው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና ጋብቻን የሚያቆመው የሁለቱ ተጋቢዎች ነጻ ፈቃድ መሆኑን ይደነግጋል፤ ይህም ፈቃድ በቆሞሱ ወይም ሥልጣን በተሰጠው አገልጋይና በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲገለጽ ያዝዛል። ስለ ቀሚስ፣ ስለ ዲኮር፣ ስለ መኪና ሰልፍ የሚናገር አንድም አንቀጽ የለም። ሠራተኛዋ በሥራ ልብሷ፣ ድኻዋ በታጠበ ነጠላዋ መጥታ ፈቃዷን ብትሰጥ፣ ቃል ኪዳኗ በሐር ከተሸፈነችው ሙሽራ ቃል ኪዳን በምንም አያንስም።

እንዲህ ከሆነ ጥያቄው አበቃ፣ ቬሎ ከንቱ ወጪ ነው፣ ለድኾች ይሰጥ የሚል ወገን ይኖራል። ሐሳቡ ቅን ይመስላል፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በቢታንያ አንዲት ሴት ውድ ሽቶ በጌታ እግር ላይ ባፈሰሰች ጊዜ፣ ተሽጦ ለድኾች በተሰጠ ነበር ብሎ የተቃወመው ሰው ለድኾች የሚገደው እንዳልነበር ወንጌላዊው ዮሐንስ ይመሰክራል። በቃና ዘገሊላም ጌታ ወይኑ ያለቀበትን ሠርግ፣ ያለ ወይን ይለፍ አላለም፤ ስድስት የድንጋይ ጋን ሙሉ ሰጠ እንጂ። ደስታ ከልክ ሲያልፍ ኃጢአት ሊሆን ይችላል፤ ደስታ በራሱ ግን ኃጢአት አይደለም። ደግሞም በእነዚህ ከተሞች ብዙ ልጃገረዶች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ውሃ ሲቀዱ፣ ታናናሾቻቸውን ሲያሳድጉ፣ ለሌላው ሲያጎነብሱ ይኖራሉ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ በአክብሮት የሚያያቸው አንዲት ቀን ብትኖር፣ ያችን ቀን መንፈግ ቁጠባ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በሌላው ወገን ደግሞ፣ ቀኗ አንዲት ናትና ምንም ይውጣ ምን አይቆጠርም የሚሉ አሉ። ይህ ቃል ከእናት አፍ ሲወጣ ፍቅር ነው፤ ከነጋዴ አፍ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ ወጥመድ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የሠርግን ብኩንነት አጥብቆ ሲገሥጽ፣ ድኾችን ወደ ሠርጋችሁ ጥሩ፣ በእነርሱም ክርስቶስን ትጠራላችሁ የሚል ምክር ሰጥቷል። ሠርግ ይቅር አላለም፤ በሠርጉ ማን ይከበራል ብሎ ጠየቀ እንጂ።

በሁለቱ ወገኖች መካከል መንገድ የሚያሳየን ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን በጻፈው ታላቅ የነገረ መለኮት መጽሐፉ ስለ ልብስ ሲመረምር፣ ነውሩ በልብሱ ውስጥ ሳይሆን በለባሹ ልክ ማጣት ውስጥ እንደሚገኝ ያስተምራል። ልክ ማጣቱም አንድም አብረውት ከሚኖሩት ሰዎች ልማድ በመውጣት፣ አንድም ልብን ለነገሩ በማስገዛት ይመጣል፤ ይኸውም በከንቱ ውዳሴ፣ በምቾት ፍቅር፣ ወይም ከመጠን ባለፈ ጭንቀት ነው። ስለ ልብስ ከልክ በላይ መጨነቅ ራሱ ጉድለት መሆኑን ልብ እንበል፤ ለሠርግ የሚዘጋጁ ስንት ልጆች እንቅልፍ የሚያጡት በዚህ አይደለምን? ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን ግን ልብስን ከእውነተኛነት ጋር ማያያዙ ነው። ልብስ ምልክት ነው፤ ምልክት ይናገራል፤ የሚናገር ነገር ደግሞ እውነት ወይም ሐሰት ሊናገር ይችላል። እንግዲህ ተገቢው ጥያቄ ልብሱ ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለው ሳይሆን፣ ልብሱ የሚናገረው እውነት ነው ወይ የሚለው ነው።

ይህን ሚዛን በመጀመሪያ በዕዳ ላይ እናውለው። ከአራጣ አበዳሪ ወይም ከዘመድ በተወሰደ ብድር የተገዛ ቬሎ በሠርጉ ቀን እነሆ በረከት ይላል፤ በማግሥቱ ግን ያች ቤት የምትጀምረው በዕዳ ነው። ሙሽራው ዕዳውን ከሙሽራይቱ ሰውሮ ከሆነ ደግሞ፣ ሁሉን አብረን እንካፈላለን ብሎ ቃል በገባባት በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ደብቋል። ነጩ ልብስ ያንን የተደበቀ ነገር መሸፈኛ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ወጪው ምንም ያህል ይሁን፣ ሁለቱ ተጋቢዎች አስቀድመው በግልጽ ሊመካከሩበትና ያለ ብድር ሊችሉት ይገባል።

ሁለተኛው ኪራይ ነው። አባቶቻችን በሰው ወርቅ አይደምቁ ብለዋል። ታዲያ የተከራየ ቬሎ የሰው ወርቅ አይደለምን? ተረቱ የሚነቅፈው የሌላውን የራስ አስመስሎ መታየትን ነው። ቬሎ ግን ባለጸጋ ነኝ አይልም፤ ዛሬ ሙሽራ ነኝ ይላል፤ ይህም እውነት ነው። ካህኑ የሚለብሰው የቅዳሴ ልብስ የግል ሀብቱ አይደለም፤ ነገር ግን ስለ አገልግሎቱ የሚናገረው እውነት ነው። የተከራየችውን የገዛሁት ነው ብላ የምትዋሽ ሙሽራ ብትኖር ሐሰቱ ከአፏ እንጂ ከቀሚሷ አይደለም። እንዲያውም ከአንዲት ሙሽራ ወደ ሌላይቱ የሚተላለፍ ልብስ፣ አንድ ቀን ተለብሶ በሣጥን ውስጥ ከሚበላሸው ይልቅ ደስታን ለብዙዎች ያካፍላል።

ሦስተኛው የሱቅ ምርጫ ነው። ሐቀኛ ባለ ሱቅ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ሁሉን ይናገራል፤ ልክ ማስተካከያው፣ ዓይነ ርግቡ፣ ውስጥ ልብሱ በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑን፣ የመያዣውን ገንዘብ፣ የመመለሻውን ቀን። ከጅግጅጋ ወይም ከቶጎ ውጫሌ ድሬዳዋ ወርዶ ለሚከራይ ሰው የመመለሻ ቀን ቀላል ነገር አይደለም፤ በአንድ ቀን መዘግየት ቅጣት ቢኖርበት የመሳፈሪያው ወጪም ይታከልበታል። መሬት የሚጎተት ቀሚስ በአቧራማ ሜዳ ላይ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ጫፉ ቢቆሽሽ ወይም ቢቀደድ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት የሁለቱንም ወገን ሰላም ይጠብቃል። በገዢም በኩል ፍትሕ አለ። በመኪናው ላይ አጎንብሶ የሚያመሸውን ልብስ ሰፊ፣ ዓይኗን እያደከመች ጥለት የምታስጌጠውን ሴት እስከ መጨረሻው ሳንቲም ተከራክሮ ማስለቀስ፣ ከዚያም ለመኪና ሰልፍ ያለ ልክ ማውጣት ልብሱ የሚናገረውን ያበላሸዋል።

በዚህ ነገር ከሶማሌ ጎረቤቶቻችን የምንማረው አለ። በእነርሱም ዘንድ በሠርጉ ምሽት ነጭ ቬሎ መልበስ ተለምዷል፤ ይሁን እንጂ የሴቲቱን አዲስ ማዕረግ የሚያውጀው ሌላ ልብስ ነው። ሻሽ ሳር በተባለው ሥርዓት፣ ብዙውን ጊዜ በሰባተኛው ቀን፣ ያገቡ ሴቶች ተሰብስበው በሙሽራይቱ ራስ ላይ ሻሽ ያስራሉ። ሻሹ የሚከበረው በዋጋው አይደለም፤ በሚያስሩት እጆች ነው። በሰሜን ሶማሌዎች ዘንድ ደግሞ ሔዶ የሚባል አለ፤ በቅቤ የተቀመመ የደረቀ ሥጋና ቴምር የያዘ ዕቃ እንደ ሙሽራ ልብስ ለብሶ፣ በገመድ ተወሳስቦ ታስሮ ከሙሽራይቱ እናት ዘንድ ይቀርባል። የሙሽራው ወገኖች በትዕግሥትና በብልሃት ሊፈቱት ይገባል፤ ያላወቀበት ይቀጣል። ከተፈታ በኋላ ውስጡ ያለው ለሁሉ ይታደላል። የውጪው ልብስ ያማረው የውስጡ ምግብ የተዘጋጀ ስለሆነ ነው፤ ውስጡ ባዶ ቢሆን ማጌጡ ቀልድ በሆነ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ነገር ግን ይህ ነው። ቬሎውንና ድግሱን መቻል አቅቷቸው ምሥጢረ ተክሊልን ከዓመት ወደ ዓመት የሚያስተላልፉ፣ ልጆች ወልደው ሳለ በኀፍረት ከቅዱስ ቁርባን ርቀው የሚኖሩ ጥንዶች አሉ። ቤተ ክርስቲያን በር አልዘጋችባቸውም፤ በሩን የዘጋባቸው የእኛ ዓይን ነው። ማንም ሰው ቀሚስ አጥቶ ከመንበረ ታቦት ፊት ከቀረ፣ ያ ቀሚስ ከሚለብሱት ሁሉ በላይ የሚያስጠይቀው ያለ እርሱ መምጣት ነውር ነው ያልነውን እኛን ነው። ስለዚህ ሸክሙን ማቅለል የማኅበረ ምእመናን ሥራ ነው። በየቁምስናው ያሉ የሴቶች ማኅበራት ካገቡት እኅቶች በስጦታ የተገኙ ጥቂት ቬሎዎችንና የሀበሻ ቀሚሶችን አጥበው፣ ጠግነው፣ ስም ሳያነሡ ሊያውሱ ይችላሉ። አንድ ባለ መርፌ እናትና አንድ ንጹሕ ሣጥን ይበቃሉ። በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጥንዶች እንኳ በዚህ ምክንያት ቃል ኪዳናቸውን ቢፈጽሙ፣ ልብሱ ከተሰፋለት በላይ አገልግሏል።

የሠርግ ልብስ መልካም ነው፤ ይመረጥ፣ ይመር፣ ይወደድ። ከመግዛት ወይም ከመከራየት በፊት ግን ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ፤ ዋጋውን የሚሸከመው ማን ነው? ከማን ተሰውሯል? ከእኛ በኋላስ ማን ይለብሰዋል? ለእነዚህ ያለ ኀፍረት የምትመልስ ሙሽራ፣ የለበሰችው ሐር ይሁን አቡጀዲ፣ አምራ ትገባለች።