ኒካህ አስሮ «አላገባሁም»

ለትዳር ቪዛ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ እህቶቻችን የተዋወቁበትን ቀን፣ የአማታቸውን ስም ቢያጠኑ ነውር የለውም። ሰው ሲደነግጥ የገዛ ልጁ ዕድሜም ይጠፋዋል። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። በወሊይዋ፣ በመህርና በሁለት ምስክሮች ኒካህ የታሰረላትን እህት፣ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘው ባሏ «ይፈጥናል» ተብሎ በእጮኛ ስም ያመለክትላታል። የእጮኛ ቪዛ ደግሞ ላላገቡ ነው፤ ጋብቻው እዚያ ከገቡ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ይፈጸማል። እጇን አንስታ ከማለች በኋላ «አግብተሻል?» ስትባል ምን ትመልስ?

«ኒካሁ እኮ በማዘጋጃ ቤት አልተመዘገበም» የሚሉ አሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመውንም ጋብቻ ይለዋል። ሸሪዓውማ መቼ ማኅተም ጠበቀ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቀልድ ቢባል እንኳ ይጸናል ያሉትን ውል ለቪዛ ብሎ መካድ እንዴት ቀለለን?

መለያየቱ ከባድ መሆኑ አይካድም፤ በሚስትነት ማመልከት ትዕግሥት ይጠይቃል። ነገር ግን ለቪዛ ብሎ በውሸት ማታለል፣ ልዩ ይቅርታ ካልተገኘ በቀር፣ ከአሜሪካ ለዘለቄታው ያስከለክላል። ያን ጊዜ ቸኩለው የሸሹት መለያየት በምን ያበቃል? ኒካሁ ላይ የተቀመጡት ሁለቱ ምስክሮችስ ቢጠየቁ ምን ሊሉ ነው?