የተራራው እንግዳና ዕዳው

ወደ ሰሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ የሚወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፦ ይህ ውበት ተጠብቆ የቆየልኝ በማን ኪሣራ ነው? የሚል ነው። ብዙዎች ይህን ሳይጠይቁ ወጥተው ይመለሳሉ። ገደሉን ያደንቃሉ፤ ጭላዳው ሣር ሲነጭ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ በደባርቅ የመግቢያውን ገንዘብ ስለ ከፈሉም ዕዳቸው ያለቀ ይመስላቸዋል።

ፓርኩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ነገር ግን ዋልያው ስለ ተመናመነ፣ እርሻና ግጦሽም ስለ ተስፋፋ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቆጠረ። ከዚያ መዝገብ የተፋቀው በ2017 ነው። በመካከሉ ግጭ የሚባለው መንደር ተነሥቶአል። በ2016 አራት መቶ ዐሥራ ስምንት ያህል አባወራዎች፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑ ገበሬዎች፣ የገብስ ማሳቸውንና የአባቶቻቸውን መቃብር ትተው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ካሣ ተከፍሎአቸዋል፤ በከተማውም የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቶአቸዋል። ሆኖም የካሣ ገንዘብ እንደ ማሳ በየዓመቱ አያፈራም፤ ይህን ለመረዳት ገበሬ ሆኖ መወለድ አያስፈልግም።

እንግዲህ ስለ አውሬ ሲባል ሰውን ከርስቱ ማንሣት ትክክል ነውን? በመዝሙር 104 ከፍ ያለው ተራራ የበረሃ ፍየል ስፍራ ሆኖ ተቆጥሮአል፤ ያው መዝሙር ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ በጧት ተነሥቶ ወደ ሥራው የሚሄደውን ሰው ያስባል። አንዱን ስለ ሌላው አልጣለም። ዋልያ ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም ላይ ሌላ የዱር ቤት የለውም፤ ገበሬው ግን በሌላ ስፍራ ሊኖር ይችላል ይባላል። ነገሩ እውነት አለበት። ብቻ ይህን የሚናገረው ሁልጊዜ ከርስቱ ያልተነሣው ሰው መሆኑ ያሳስበናል።

«እንዲህ ከሆነ ጥበቃው ይቅር» የሚል ቢኖር ደግሞ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሶማሌላንድ ይመልከት። ከሐርጌሳ በስተምሥራቅ ጋዓን ሊባሕ፣ ማለት «የአንበሳ መዳፍ»፣ የሚባል ጽድ የበቀለበት ተራራ አለ። በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን የተከለለ ነበር፤ በ1991 መንግሥት ሲፈርስ ጥበቃውም አብሮ ፈረሰ፤ ተራራውም ለመጥረቢያና ለመንጋ ተጋለጠ። የአገሩ ሰው የእኔ ነው ያላለው አጥር ከጠባቂው ጋር ይወድቃል።

ስለዚህ የእንግዳው ጠባይ ቀላል ነገር አይደለም፤ ተራራው ለጎረቤቱ እንጀራ ይሁን ወይስ ቁስል የሚሆነው በከፊል በእርሱ እጅ ነው። መሪውን፣ ጠባቂውን፣ በቅሎ ነጂውንና ምግብ አብሳዩን ከዚያው አገር ይያዝ፤ ስንቁንም ከደባርቅ ገበያ ይግዛ። በተስማማበት ዋጋ ላይ ሲመለስ አይከራከር። ከ2020 ወዲህ ጦርነትና ሁከት እንግዳውን ባራቀባቸው ጊዜያት እነዚህ ሰዎች ያለ ሥራ መቀመጣቸውን ያስታውስ፤ ሰላም በሌለበት ጊዜ ግን ጠባቂውን ወደ አደጋ ይዞ አይውጣ። አስታ በብርድ አገር ቀስ ብሎ የሚያድግ እንጨት ነውና ለእሳት አይቁረጥ። ጭላዳውን አያብላ። ቀይ ቀበሮውን የሚፈጀው ከውሻ የሚተላለፍ የእብደት በሽታ ስለ ሆነ ውሻ ይዞ አይግባ። በመንገድ ዳር ለሚለምን ሕፃን ከረሜላና ሳንቲም መወርወር ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ ነገም ትምህርቱን ትቶ በዚያው መንገድ ላይ እንዲቆም ያስተምረዋል።

የውጭ አገር ሰው ብቻ እንደሚያጠፋም አናስብ። እኛም መዘምራኖቻችንን በአውቶቡስ ጭነን ስንወጣ ድምፅ ማጉያችንን ከገደሉ አፋፍ ላይ እንተክላለን፤ የውኃ ላስቲካችንንም ከጅብራው ሥር ጥለን እንመለሳለን። ዝማሬ በዚያ ስፍራ ያለ ማጉያ ይበቃል።

ግጭ ላይ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ዛሬም አለ። መንገደኛው እዚያ ሲያድር ዙሪያውን የሚያየው ሣር የለበሰ መሬት ትናንት ገብስ ይዘራበት የነበረ ነው፤ ባለቤቱም ምናልባት ያን ዕለት በቅሎውን ያከራየው ሰው ይሆናል። ስሙን ቢጠይቀው፣ ቤቱ የት ላይ እንደ ነበረም ቢያሳየው፣ ሊያደምጠው ይገባዋል።