እግሬን ለምን አላነሳም?

ጣርማ በርን አልፎ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድ መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ፣ በደብረ ሲና አድርጎ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ ዳር ለሚሠራ መካኒክ ፍሬን ከሁሉ የሚቀድም ጉዳይ ነው።

አዲስ ገቢ ልጅ ጋራዥ ውስጥ መጀመሪያ ከሚታዘዛቸው ሥራዎች አንዱም ይኸው ነው። መካኒኩ መኪናው ሥር ይገባል፤ ልጁ ጋቢና ተቀምጦ ፔዳል ይረግጣል። «ርገጥ፣ ርገጥ፣ ያዝ!» ይባላል። ከጎማው ጀርባ ያለችው ትንሽ ማስተንፈሻ ብሎን ላላ ስትል አየር የተቀላቀለበት ዘይት እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። መካኒኩ መልሶ ያጠብቃትና «ልቀቅ!» ይላል። ልጁም አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ እስክታጠብቀው ድረስ እግሬን ለምን አላነሳም?» ብሎ ይጠይቃል።

ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ያልኩህን አድርግ» ነው። ሲከፋም «ይቺንም አታውቅ? ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?» ይባላል።

ዝምታው ሁሉ ክፋት አይደለም። የሃንጋሪ ተወላጁ ፈላስፋ ሚካኤል ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው በቃል ሊያስረዳው ከሚችለው በላይ ያውቃል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። መካኒክ ብሎን ሲያጠብቅ የት ላይ ማቆም እንዳለበት እጁ ያውቃል፤ ሩብ ዙር ቢጨምር ጥርሱ እንደሚበላ ይሰማዋል። እንዴት እንዳወቀ ቢጠየቅ የሚለው የለውም፤ ያወቀው ስንቱን ብሎን ካበላሸ በኋላ ነውና። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ «እየነካህ ትለምደዋለህ» ማለት ሐቀኛ መልስ ነው።

የፍሬኑ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ብሎኗ ላልታ ሳለ ፔዳሉ ከተለቀቀ አየር ተመልሶ ይሳባል። ዘይት ቢጫኑት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ አየር የገባበት ፍሬን ሲረገጥ ይለሰልስና ጉልበቱ ጎማው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ግሎ ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎትም እንደ አየር ይታመቃል። ሾፌሩ ይረግጣል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። ከዚህ ሁሉ ጋቢና ለተቀመጠው ልጅ በዐይን የሚታይ አንድም ነገር የለም። ዓመት ሙሉ ቢረግጥም አያየውም። ወይ ይነገረዋል፣ ወይ ሳያውቀው ይቀራል።

እንግዲህ ተራ ከምንላቸው ጥያቄዎች አንዳንዱን ሥራው ራሱ ይመልሰዋል፤ አንዳንዱን ግን ከሰው አፍ በቀር የሚመልሰው የለም። ለሁለቱም እኩል ዝም የሚል ባለሙያ የሙያውን ግማሽ ብቻ ነው የሚያወርሰው።

«እያየህ ልመድ» የሚለው ደንብ ከየት እንደመጣ ማሰብ ይገባል። የይፋት አርጎባዎች በሸማ ሥራና በንግድ የታወቁ ናቸው። የሸማኔ ልጅ መወርወሪያ ከመጨበጡ በፊት ማግ እያዳወረ፣ አባቱን እያየ ለዓመታት ያድጋል። ሊጠይቅ የሚችለውን ሁሉ ቤት ውስጥ ሲወራ ሰምቶታል። መጠየቅ ያላስፈለገው ቤቱ ቀድሞ ስለመለሰለት ነው። በአገራችን ሙያ ከዘመድ እንዳይወጣ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ደግሞ ንቀት ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር መድረሳቸው ስድቡ የቱን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያሳያል። የተናቀ ሰው የሚቀረው ሀብት ምስጢሩ ነው፤ ለባዕድ ባይገልጠው አልፈርድበትም።

የዛሬው ተለማማጅ ግን የቤት ልጅ አይደለም። ከቴክኒክና ሙያ ተቋም ለጥቂት ወራት የትብብር ሥልጠና የተላከ፣ ወይም ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣ ነው። አሥር ዓመት ሲያይ ላደገ ልጅ የወጣን ደንብ በእሱ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው።

የእንጀራም ነገር አለ። ዛሬ ያስተማርኩት ነገ ከጎኔ ጋራዥ ቢከፍትስ የሚለው ስጋት በትንሽ ከተማ እውነተኛ ስጋት ነው። ሆኖም ደንበኛ የሚስበው የእጅ ቅልጥፍናና ታማኝነት ነው፤ እሱ ደግሞ በዓመታት እንጂ በአንድ መልስ አይገኝም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቁጣው ልጁ ላይ የሚተወው ልማድ ነው። አንዴ የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። «ገባህ?» ሲሉት «አዎ» ማለት ይለምዳል፤ አድሮም ሳይገባው ብቻውን ይሠራል። ፕላቶ በጻፈው ንግግር ውስጥ ሜኖን የተባለ ሰው ሶቅራጥስን፣ ጨርሶ የማታውቀውን ነገር እንዴት ትፈልገዋለህ ብሎ ያፋጥጠዋል። የጋራዡ ልጅ ለዚህ መልስ አለው። እግሩን ቢያነሳ አንድ ነገር እንደሚበላሽ ጠርጥሯል፤ ያን ያልጠረጠረ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። «ይቺንም አታውቅ?» የተባለው፣ እንደ ባለሙያ ማሰብ በጀመረባት ቅጽበት ነው። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እያልን የምናሳድገውን ልጅ እዚያች ቅጽበት ላይ ማሸማቀቅ ያሳዝነኛል።

መልሱ የግድ ከአንጋፋው አፍ አይውጣ። በንባብ ቤት ፊደል የሚቆጥረውን ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚያስጠናው ከእሱ ጥቂት ከፍ ያለው ተማሪ ነው፤ ምን እንደሚያስቸግር ገና አልረሳምና። ጋራዥ ውስጥም ዓመት የቆየው ረዳት ይህን ሥራ መሥራት ይችላል፣ ዋናው መካኒክ ከፈቀደለት።

በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ መንገድ ዳር የምትሠሩ መካኒኮች፣ ፔዳል እንዲረግጥላችሁ የምታስቀምጡትን ልጅ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አየሩ የት እንዳለና ለምን እንደሚወጣ ንገሩት። ምክንያቱን እናንተም በልምድ ብቻ ይዛችሁት ከሆነ፣ «እኔም አላውቀውም» በሉትና የሚያውቅ ሰው አብራችሁ ጠይቁ።